«ጋሼ፣ ይሄ አይከፈልም» ላለችኝ ልጅ ምስጋና (ጅማ ውስጥ የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ለምታስቡም ጥቆማ)

ሰላም የጅማ ሰዎች። ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ሥራ አለ፣ መብራት ይጠፋል፣ ደግሞ እኔ ስልክ ላይ መጻፍ አልወድም። ዛሬ ግን ቁጭ ብያለሁ። ረዘም ስለሚል ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

ላመሰግናት የፈለግኩት አንዲት የኢንሹራንስ ሽያጭ ወኪል ናት። ስሟንም ድርጅቷንም እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ይጽፉና አለቆቼ እኔን ነው የሚጠይቁኝ» ብላ ሳቀች። ስለዚህ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ2016 ነው። ጎረቤታችን ማድ ቤት ውስጥ እሳት ተነሳ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን፣ ግን ሶፋው፣ ፍሪጁ፣ የልጆቹ ልብስ፣ ምን አለፋችሁ፣ በአንድ ከሰዓት ባዶ ቤት ቀሩ። ማታ ባለቤቴ «እኛስ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ኢንሹራንስ ሲባል የማውቀው የመኪናውን ነው። እሱም በአዋጅ ግዴታ ስለሆነ እንጂ ማን ወዶ ይገዛል። ለቤት ዕቃ የሚባል መኖሩን ሰምቼ ነበር፣ ግን የቤት ባለቤት ብቻ የሚገዛው ይመስለኝ ነበር። እኛ ቆጪ ነው የምንኖረው፣ በኪራይ።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ሄድኩ። የት እንደሆነ ይቅር። ጠረጴዛው ጋ የነበረው ልጅ «የቤት ዕቃ ነው አይደል? አይስጉ፣ ሁሉም ነገር ውስጡ አለ» አለኝና ቅጹን ገፋ አደረገልኝ። ሁሉም ነገር ውስጡ አለ የሚለኝ ሰው ያስፈራኛል። ወጣሁ።

ከዚያ ሰው ጠቁሞኝ እሷ ጋ ደረስኩ። የመጀመሪያ ንግግሯ «ቤትዎን ሳላይ አልጽፍም» ነበር። ቅዳሜ መጣች፣ በእግሯ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና። ተከራይ ነኝ ስላት «ግድግዳውና ጣሪያው የአከራይዎ ነው፣ እሳቸው ይጨነቁበት። እርስዎ የሚያስገቡት ግድግዳው ውስጥ ያለውን ነው» አለችኝ። አከራዬ ቤታቸውን ኢንሹራንስ ቢያስገቡ እንኳ የኔ ሶፋ ቢቃጠል እንደማይከፈለኝ ያን ቀን ነው የገባኝ። ስንቱ ተከራይ ይሄን የማያውቅ አለ መሰላችሁ።

ክፍል በክፍል ዞረች። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ምጣድ፣ ላፕቶፕ፣ አልጋ፣ የባለቤቴ ስፌት መኪና። ሁሉንም በዝርዝር ጻፈች። ልትወጣ ስትል በረንዳው ላይ የቆሙትን ሁለት ሳይክሎች አየች። አንዱ የኔ ነው፣ ሥራ የምመላለስበት። ሌላው የልጄ።

«ይሄስ?»

«ሳይክል ነው።»

«ሳይክል መሆኑንማ አየሁት። የት ነው የሚያድረው?»

«እዚሁ።»

«እንግዲያው ብመዘግበውም አይከፈልዎትም።»

እዚያው በረንዳው ላይ ቆማ አስረዳችኝ። የስርቆት ሽፋኑ የሚሠራው ሌባው ሰብሮ ሲገባ ወይም ሰብሮ ሲወጣ ነው። በር መገንጠል አለበት፣ ቁልፍ መሰበር አለበት፣ ምልክት መኖር አለበት። በረንዳ ላይ የቆመ ሳይክል ምኑ ይሰበራል? አንስቶት ይሄዳል። ውሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሁላችንም ፖሊሲ እንደዚያ ነው መሰለኝ፣ እሷ ግን ያቺን አንቀጽ ለኔ በአማርኛ፣ ለአማቴ ደግሞ በኦሮምኛ አስረዳች። አማቴ ጨርሰው ሰምተው «ታዲያ ሌባው ካልሰበረ ሌባ አይደለም ማለት ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ግን ውሉ ውሉ ነው።

በሯ ላይ ጓጉንቸር ያላት ዕቃ ቤት ግቢ ውስጥ አለችን። ሳይክሎቹ ማታ እዚያ እንዲያድሩ ተስማማንና ሁለቱንም በየስማቸው መዘገበቻቸው። «የቤት ዕቃ» ብሎ በደፈናው ማለፍ አይበቃም አለች። ከዚያ የኔን ሳይክል ገለበጠችው። ከፔዳሉ በታች ፍሬሙ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ፣ ሦስት ዓመት ስነዳው አይቼው አላውቅም። ፎቶ አነሳችው። ደረሰኝ ስትጠይቀኝ ሳቅኩ። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ተማሪ ነው የገዛሁት፣ ምን ደረሰኝ አለው። እሷ አልሳቀችም። እዚሁ ጅማ መርካቶ ሄጄ ሁልጊዜ የሚጠግንልኝን ባለሙያ የዛሬ ዋጋውን አስገምቼ በጽሁፍ እንዳመጣ፣ የገዛሁበትን የሁለት ምስክር ወረቀትም ፈልጌ እንዳያይዝ አዘዘችኝ። ወረቀቱን ባለቤቴ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አገኘችው። ግምቱ 16,000 ብር ወጣ፣ በዚያው ተመዘገበ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስርቆት።

ልጄ ፈረንጅ አራዳ ፀጉሩን ሊስተካከል ሄደ። ሳይክሉን ደጅ አቆመው። ሰንሰለት? የለም። ሃያ ደቂቃ። ሲወጣ ሳይክል የለም። ልጁ እያለቀሰ በባጃጅ መጣ፣ እኔ ደግሞ ደስ ያለኝ ያህል ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ «ኢንሹራንስ አለን እኮ» ብዬ ደረቴን ነፍቼ። በማግስቱ ቢሮዋ ሄድኩ። አዳመጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ ፋይሌን አወጣች፣ ገጹን ከፈተች።

«ጋሼ፣ ይሄ አይከፈልም።»

ተናደድኩ። ድምፄንም ከፍ አድርጌ ነበር፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ሽፋኑ ውሉ ላይ ለተጻፈው አድራሻ ነው፣ ለቤቱና ለተቆለፈው ዕቃ ቤት። ፈረንጅ አራዳ ቤቴ አይደለም። በዚያ ላይ የተሰበረ ነገር የለም። «ማመልከቻ ላስገባልዎት እችላለሁ፣ መብትዎ ነው። ግን ወር ጠብቀው እምቢ የሚል ደብዳቤ ነው የሚደርስዎት። ዛሬ ብነግርዎት ይሻላል» አለችኝ። ለፖሊስ ግን እንዳመለክት መከረችኝ፣ ቁጥሩ ስላለ ምናልባት ከተገኘ ብላ። አልተገኘም።

የባለቤቴ ወንድም ለንደን ነው የሚኖረው። በስልክ ሲሰማ «እንዴ፣ እዚህ እኮ ሳይክል ከቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ውስጥ ነው፣ መንገድ ላይ ቢሰረቅም ይከፍላሉ» አለ። ይሄን ይዤ ተመለስኩባት። «ጋሼ፣ የለንደን ውል ጅማ አይከፍልም» አለችኝ። ቀጥላም እዚያም ቢሆን ከቤት ውጭ ያለው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚገባ ሽፋን እንደሆነ፣ ሳይክሉም ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ታስሮ ካልሆነ እንደማይከፍሉ፣ ለአንድ ዕቃም ጣሪያ እንዳለው ነገረችኝ። ወንድማችን የራሱን ውል አውጥቶ አነበበ። ልክ ናት። ይባስ ብሎ የራሱ ሳይክል ዋጋ ከጣሪያው በላይ ስለሆነ ለብቻው ማስመዝገብ ነበረበት፣ አላስመዘገበም። ከጅማ የሄደ ምክር ለንደን ደረሰ ማለት ነው።

እኔም ታዲያ ለኔ ሳይክል የውጪውን ሽፋን ጨምሪልኝ አልኳት። ሌላ ዓይነት ውል ነው፣ አረቦኑን፣ ማለት ለኢንሹራንሱ የምከፍለውን ብር፣ አስልታ አሳየችኝና ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው። «ለዚህ ሳይክል አያዋጣዎትም። በዚህ ብር ጥሩ ሰንሰለት ይግዙ።» ወኪል ናት እኮ! የምታገኘው ከምትሸጠው ነው። ሰንሰለት ግዛ የምትል የኢንሹራንስ ሻጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በእውነት ያመንኳት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ስርቆት 2017 ጥቅምት ላይ ነው። ለቅሶ አጋሮ ሄደን አንድ ሌሊት አደርን። ጠዋት ስንመለስ የዕቃ ቤቱ ጓጉንቸር መሬት ላይ ወድቋል፣ በፌሮ ነው የገነጠሉት፣ የበሩም እንጨት ተሰንጥቋል። ሳይክሌ የለም። የጋዝ ሲሊንደሩ የለም። ከገጠር የመጣልን ግማሽ ጆንያ ቡናም የለም።

ደወልኩላት፣ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም። አነሳች። «ሰው ደህና ነው?» አለች መጀመሪያ። ከዚያ «ምንም አይንኩ፣ ጓጉንቸሩን አይጣሉ፣ በሩን አያስጠግኑ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ፖሊስ ይቅደም።» እኔ እኮ አናጺ ልጠራ ስልክ እየፈለግኩ ነበር! በሩን አስጠግኜ፣ ጓጉንቸሩን ጥዬ ቢሆን ኖሮ ተሰብሮ መገባቱን በምን አሳይ ነበር። ፖሊሶቹ መጥተው አዩ፣ ማስረጃውን በኦሮምኛ ጻፉልኝ። የድርጅቷ ዋና መሥሪያ ቤት ትርጉም ስለሚፈልግ እሷ ራሷ ነገሩን ከማን ጋር እንደምጨርስ አሳየችኝ። የጽሁፍ ማስታወቂያውንም በዚያው ቀን አስገባን፣ ማዘግየት ከካሳው ያስቀራል ብላ።

ገማች ሲመጣ የጠየቀኝ ነገር ሁሉ ዓመት አስቀድማ እሷ የጠየቀችኝ ነው። ቁጥሩ አለ። የመርካቶው ባለሙያ ወረቀት አለ። የግዢው ውል አለ። ቤቱ ባዶ የነበረው ስንት ቀን ነው? አንድ ሌሊት። (በኔ ውል ከ30 ቀን በላይ ቤቱ ሰው ካልኖረበት የስርቆት ሽፋኑ ይቆማል። ክረምት ቤት ዘግታችሁ ወደ ቤተሰብ የምትሄዱ መምህራን፣ ይሄን አንብቡት።) ከቤተሰብ ወይም ከሠራተኛ የምትጠረጥረው አለ? የለም። ይሄም የሚጠየቀው ቤት ውስጥ ያለ ሰው ከወሰደው ስለማይከፈል ነው።

ብሩ። አዲስ ተመሳሳይ ሳይክል ያኔ መርካቶ 24,000 ይጠራ ነበር። እኔ የተከፈለኝ ከተመዘገበው 16,000 ላይ 10 በመቶ የኔ ድርሻ (ከጉዳቱ እኔ ራሴ የምሸከመው) ተቀንሶ 14,400 ነው። ትንሽ አጉረመረምኩ። የሰጠችኝ መልስ ኢንሹራንስ ካሳ እንጂ ትርፍ አይደለም የሚል ነበር፣ ሕጉም የቆየ ነው አለች፣ የ1952ቱ የንግድ ሕግ የኢንሹራንሱ ክፍል እስካሁን ይሠራል። ደግሞ ውሉ ሲታደስ «ዋጋውን እናስተካክል?» ብላኝ ነበር። አረቦኑ እንዳይጨምርብኝ ብዬ ተውኩት። ይሄ የኔ ጥፋት ነው። ዕቃችሁን ከዋጋው በታች ካስመዘገባችሁ ሲጎድል የሚከፈላችሁም በዚያው ልክ ይጎድላል፣ እኔ በሳይክሉ ላይ በቀላሉ ነው ያመለጥኩት።

ሲሊንደሩ ተመዝግቦ ስለነበር ተከፈለ። ቡናው ዝርዝሩ ላይ የለም፣ ቀረ። ባለቤቴ እስካሁን ስለ ሳይክሉ አታነሳም፣ ስለ ቡናው ነው።

ጠቅላላው አምስት ሳምንት ፈጀ። ለኔ ረጅም ነበር፣ ግን የዘገየው ዋና መሥሪያ ቤት እንጂ እሷ ጋ አይደለም። በየሳምንቱ ሰኞ ደውላ የደረሰበትን ትነግረኝ ነበር፣ ምንም አዲስ ነገር በሌለበት ሳምንት እንኳ «ጋሼ፣ ዛሬም የለም» ለማለት ትደውላለች።

እንከኗንም ልናገር፣ አለበለዚያ ማስታወቂያ ይመስላል። ቴሌግራም ላይ ብትጽፉላት ማታ ነው የምትመልሰው፣ ደውሉ። ጥያቄ ታበዛለች። ቸኩላችሁ ወረቀት ፈርማችሁ መውጣት የምትፈልጉ ከሆነ ታሰለቻችኋለች። ዋጋዋም ከሁሉ ርካሽ ላይሆን ይችላል፣ እኔ አላወዳደርኩም።

ብሩ የገባ ዕለት የሆነ ነገር ልስጣት ብዬ ነበር። ቢሮ ውስጥ በሁሉም ፊት «ጋሼ፣ ያሳፍራሉ እንዴ?» አለችኝ። ቡና ብቻ እሺ አለች። ባለፈው ቅዳሜ መጣች። ባለቤቴ ስኒ እየደረደረች፣ ጭሱ እየጨሰ፣ በርጩማ አቀረብንላት። ገና ሳትቀመጥ ኮሪደሩ ላይ የቆመውን አዲሱን ሳይክል አይታ ገለበጠችውና ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን ትፈልግ ጀመር። አቦሉ ቀዘቀዘባት።