ተገጣጥሞ የሚሸጥ ስፒርገን፦ ገመዱን ሳታስፈቱ ገንዘብ አትስጡ

ስፒርገን (ውሃ ውስጥ ዓሣ በጦር የሚወጋ ጠመንጃ) «ሪሉም ገመዱም ተገጥሞለታል፣ የቀራችሁ ውሃ መግባት ብቻ ነው» ተብሎ ሲቀርብላችሁ ቆም በሉ። ሪል ማለት ትርፍ ገመድ የሚጠቀለልበት፣ ጠመንጃው ላይ የሚታሰር መዘውር ነው። በእንዲህ ያለው ሽያጭ ጠመንጃው ራሱ ደህና ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ የሚደበቀው ዓይን በማያርፍበት ቦታ ነው፤ ከሪሉ የላይኛው ዙር ሥር፣ በገመዱ መጋጠሚያዎችና ሪሉ በታሰረበት ብሎን። ትልቅ ዓሣ ተወግቶ ወደ ጥልቁ ሲሮጥ ገመዱ ይበጠስና ጦሩም ገመዱም አብረው ይሄዳሉ። ዓሣውም ጦር እንደተሰካበት ሄዶ በከንቱ ይሞታል።

መጀመሪያ ርዝመቱን አረጋግጡ። «50 ሜትር» ተብሎ የተሸጠ ሪል ከውስጥ በስፖንጅ ወይም በርካሽ ሲባጎ ተሞልቶ፣ ጥሩው ገመድ ከላይ ብቻ ተደርቦበት ሊሆን ይችላል። ሲያዩት ሙሉ ነው። ስለዚህ ሁለት ሜትር በወለሉ ላይ ምልክት አድርጉና ገመዱን እስከ መጨረሻው እየጎተታችሁ ቁጠሩ። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ገመዱ ከመጠቅለያው ጋር በቋጠሮ መታሰሩንም እዩ። ዳይኒማ የሚባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ገመድ የሚያንሸራትት ክር ስለሆነ፣ ሳይቋጠር ዝም ብሎ ከተጠመጠመ ሁሉም ሲያልቅ ተንሸራቶ ይወጣል።

ቀጥሎ የገመዱ ዓይነት። ለሪል የሚመረጠው ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ የተጎነጎነ ዳይኒማ ነው። በስሙ ናይለን ወይም ፖሊስተር ቢሸጥላችሁ በውሃ መለየት ትችላላችሁ። ቁራጭ ቆርጣችሁ በውስጡ ያለው አየር እስኪወጣ በሳሙና ውሃ እሹት፤ ዳይኒማ ይንሳፈፋል፣ ናይለንና ፖሊስተር ይሰምጣሉ። ፖሊፕሮፒሊንም ስለሚንሳፈፍ ይህ ብቻውን አይበቃም። መቀስ አምጡ፤ ዳይኒማ በደነዘ መቀስ ሲቆረጥ እየተንሸራተተ ያስቸግራል፣ ፖሊፕሮፒሊን ግን ደረቅ ነው፣ ቶሎም ይቆረጣል። ቀለሙ በእርጥብ ጣት ትንሽ ቢለቅ አትደንግጡ፤ ዳይኒማ ቀለም አጥብቆ አይይዝም።

ናይለን በሪል ላይ ለምን እንደሚጎዳ መረዳት ተገቢ ነው። ተለጣጭ ነው። ከዓሣ ጋር ስትታገሉ ተወጥሮ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ለመመለስ ሲሰበሰብ እያንዳንዱ ዙር መጠቅለያውን ይጨመድደዋል። የፕላስቲኩ ሁለት ጎኖች ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ ከሪሉ አካል ጋር ይፋተጋሉ፣ ሪሉም መዞር ያቆማል። ሪል ተይዞ የሚቆመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓሣው በሚጎትትበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ጠመንጃውን መልቀቅ እንጂ አብሮ ወደ ታች መሄድ አይገባም። ጩቤም በቀላሉ ከሚደርሱበት ቦታ ይሁን፤ ገመዱንም በጭራሽ ከሰውነታችሁ ጋር አታያይዙ።

ከሁሉ በላይ ዓይናችሁን የምታሳርፉት ክሪምፕ በምትባለው ትንሽ የብረት ቱቦ ላይ ይሁን። ጦሩን የሚይዘው ከ1.4 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ ሞኖፊላመንት (ያልተጎነጎነ፣ አንድ ወጥ የሆነ የፕላስቲክ ገመድ) በሁለቱም ጫፍ በእሷ ይያዛል። የቱቦዋ ቀዳዳ ለገመዱ ውፍረት የተሠራ መሆን አለበት። ጥርስ ባለው ፒንሳ የተጨፈለቀች ክሪምፕ ጠርዟ ገመዱን ይነክሰዋል፣ ገመዱም እዚያው ይበጠሳል። በትክክል የተሠራችዋ ሁለቱ አፎቿ ሳይጨፈለቁ ትንሽ ሰፍተው ይታያሉ፣ የገመዱም ትርፍ ጫፍ በእሳት ቀልጦ እንደ ኳስ ተድበልብሎ ከውጭ ይቀመጣል። ጥፍራችሁን በቱቦዋ አፍ አጠገብ ባለው ገመድ ላይ አስኪዱት፤ ከቧጠጠ ወይም ነጭ ጭረት ካያችሁ አትቀበሉ። ነጭ ዱቄት የቋጠረች የአሉሚኒየም ክሪምፕ በጨው ውሃ መበላት ጀምራለች። የጦሩ የኋላ ቀዳዳ ጠርዝም ስለታም ከሆነ ሞኖፊላመንቱን ይቆርጠዋል፤ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት መለስለስ ነበረበት።

የሪሉ አሰካክም ብዙ ያጋልጣል። ብዙ የአሉሚኒየም ጠመንጃዎች ተኩስ ካለፈ በኋላ የሚንሳፈፉት ቱቦው ውስጥ አየር ስለታፈነ ነው። ቱቦውን በስቶ ሪል የሰካ ሰው ይህን መንሳፈፍ አጥፍቶታል። ሪሉ በፋብሪካው በተዘጋጀ ቦታ ወይም በመቆንጠጫ እንጂ አዲስ በተበሳ ቀዳዳ መያዝ የለበትም። ብሎኑን በማግኔት ፈትሹ፤ አጥብቆ ከተሳበ ዝገት እንደሚበላው ጠርጥሩ። ጦሩ ግን በማግኔት ቢሳብ ስህተት አይደለም፤ ለጥንካሬ የሚመረጠው የጦር ብረት ብዙ ጊዜ ይሳባል።

አሁን አሠራሩን ፈትኑ። ጦሩን የሚያስወነጭፈውን ላስቲክ ሳትጭኑ፣ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙራችሁ፣ ጦሩን መቆለፊያው «ቀጭ» እስኪል ግፉት። የጦሩ ገመድ፣ ማለትም ሞኖፊላመንቱ፣ ከጦሩ ጭራ ተነስቶ ወደ አፈሙዙ ይሄዳል፣ ቃታ ሲሳብ ገመዱን በሚለቀው ትንሽ ምላስ (መልቀቂያው) ለመታጠፍ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና አፈሙዙ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ 1 ሜትር ገደማ ለሆነ ጠመንጃ ወደ 3 ሜትር ይፈልጋል፤ አንድ ዙር ሲጨመር ደግሞ 2 ሜትር ይታከላል። ከላላ ይጠላለፋል፣ ከመጠን በላይ ከተወጠረ መልቀቂያውን ያግዳል። ቃታውን ስትስቡ ምላሱ ወድቆ ገመዱ መላቀቅ አለበት። ከዚያ ጦሩን ይዛችሁ ወደ ፊት ተራመዱ፤ ሪሉ መዞር አለበት። ፍሬኑ ከመጠን በላይ ሳይጠብቅ ካልዞረ የጦሩ ገመድ በቀጥታ አፈሙዙ ላይ ታስሯል፣ የሪሉ ገመድም ከእሱ ጋር አልተገናኘም ማለት ነው፤ ሪሉን የገዛችሁት ለጌጥ ነው። የሪሉ ገመድ በአፈሙዙ መሪ ቀዳዳ ወጥቶ ከጦሩ ገመድ ጫፍ ጋር በመሃል በሚለጠጥ ጎማ መገናኘት ነበረበት። ፍሬኑም ሪሉ ለብቻው እንዳይሽከረከርና ገመዱ እንዳይዝረከረክ ያህል ይጥበቅ፣ በእጅ ሲጎተት ግን ይልቀቅ።

ሻጩ ገመዱን ለማስፈታት ካልፈቀደ ጠመንጃውን ባዶውን፣ ሪሉንም ያለ ገመድ ጠይቁ፤ ገመድና ክሪምፕ ለብቻ ግዙ። ደረሰኙ ላይ የገመዱ ዓይነት፣ ውፍረትና ርዝመት ይጻፍ። አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ከመጥለቃችሁ በፊት ሞኖፊላመንቱን ከነክሪምፑ ቀይሩ፣ የሪሉን ገመድም ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ስትመልሱት አርጥባችሁ፣ በጨርቅ ይዛችሁ እኩል እየወጠራችሁ ጠቅልሉት፤ ከጠርዙ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ሲቀረው አቁሙ።