ባነሩ «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ይላል፣ ውሉ ግን አይልም

በፐብሊክ ፖሊሲ ወይም በፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ውጭ አገር ማስተርስ ለመማር ያሰባችሁ፣ ይህቺን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ። በተለይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች። የስኮላርሺፕ አማካሪ ነን የሚሉ ቢሮዎች ሰሞኑን ፊታቸውን ወደ እናንተ አዙረዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዲግሪ አላችሁ፣ የሥራ ልምድ አላችሁ፣ ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፣ የመማር ፍላጎቱ ደግሞ አለ። ለደላላ ከዚህ የተመቸ ደንበኛ ከየት ይመጣል?

ከእኛ መሥሪያ ቤት አንዲት ልጅ ከአንዱ አማካሪ ቢሮ የሰጧትን ውል ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ከመፈረሜ በፊት እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። እኔ በስኮላርሺፕ ጀርመን ተምሬ ስለመጣሁ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው አላጣም። ውሉ ሁለት ገጽ ነው። ማህተም አለው። ክፍያው 65 ሺህ ብር፤ ግማሹ ፊርማ ላይ፣ ግማሹ አድሚሽን ሲመጣ። የአማካሪው ቢሮ በር ላይ የተሰቀለውን ባነር በስልኳ አሳየችኝ፣ «ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ መቶ ፐርሰንት ዋስትና» ይላል። ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስኮላርሺፕ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ያለው «ድርጅቱ ለደንበኛው ቢያንስ አንድ የቅበላ ደብዳቤ ያስገኛል» የሚል ነው። ከታች፣ አነስ ባለ ፊደል፣ «የተከፈለ የአገልግሎት ክፍያ በማናቸውም ምክንያት ተመላሽ አይደረግም» ይላል።

ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። የቅበላ ደብዳቤ ማምጣት ምንም አይከብድም። ክፍያውን እስከቻለ ድረስ ማንንም የሚቀበል ኮሌጅ በየአገሩ ሞልቷል። ብዙዎቹም ተማሪ ላመጣላቸው ኤጀንት ከመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ላይ ኮሚሽን ይቆርጡለታል። ስለዚህ ሰውዬው ከእናንተም ይበላል፣ ከኮሌጁም ይበላል። ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ፕሮግራም ግን ለኤጀንት ኮሚሽን አይከፍልም። ታዲያ እናንተን ወዴት የሚመራችሁ ይመስላችኋል?

ደብዳቤው መጣ እንበል። ከዚያስ? ለምሳሌ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ ስኮላርሺፕ ከሌለው ቪዛ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ በዝግ ሂሳብ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ፣ ማስቀመጡን ማሳየት አለበት። ከ2024 እ.ኤ.አ. መስከረም ጀምሮ የተጠየቀው 11,904 ዩሮ ነው። አሜሪካ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ፎርም የሚሰጠው የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ እንዳላችሁ ካሳያችሁ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ውሉ አይነግራችሁም። የእነሱ ሥራ ደብዳቤው ኢሜይል ውስጥ የገባ ቀን አለቀ፣ ቀሪውን ግማሽ ክፍያ ይጠይቃሉ። «ጀርመን ትምህርት በነፃ ነው» ሲሏችሁም ሙሉውን አትመኑ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ አያስከፍሉም፤ ባደን ቩርተምበርግ ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። በፐብሊክ ፖሊሲ ስሙ የሚነሳው የበርሊኑ ኸርቲ ስኩልም የግል ስለሆነ በክፍያ ነው የሚያስተምረው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በዚህ ሙያ ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ሰው እውነተኛው ገንዘብ ያለባቸው በሮች የታወቁ ናቸው፣ ማመልከቻውም በነፃ ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ የሚባል ስኮላርሺፕ አለ። ብዙ ጊዜ በነሐሴ ይከፈታል። የምታመለክቱት በራሱ ድረ ገጽ ነው፣ ምንም አይከፈልበትም፣ በመሃል የሚገባ ኤጀንት የለም። ከዲግሪ በኋላ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ሦስት የትምህርት ምርጫ ትሞላላችሁ። ሲጨርሱ አገር ቤት ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። ይህቺን ግዴታ ኤጀንቶቹ ሲያነሷት ሰምቼ አላውቅም።

ስኮላርሺፕ የሚሰጠው የጀርመን አካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት፣ ዳድ (DAAD)፣ ደግሞ የኸልሙት ሽሚት ፕሮግራም የሚባል አለው። ሙሉ ስሙ ራሱ እንደሚለው ለፐብሊክ ፖሊሲና ለመልካም አስተዳደር የተዘጋጀ ነው። ኤርፉርት ያለው የቪሊ ብራንት ስኩል፣ ፓሳው፣ ዱይስቡርግ ኤሰን እዚህ ውስጥ አሉ። ማመልከቻው ለዳድ አይላክም፣ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ደላላውም የሚያተርፈው ከዚህች ግራ መጋባት ነው። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የጀርመንኛ ኮርስም ይሰጣሉ። ከዚህ ውጭ ለሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ፣ የብዙዎቹን ማመልከቻ በሚቀበለው በኡኒ-አሲስት በኩል ስታመለክቱ ክፍያ አለ፤ ለመጀመሪያው 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ። ኤጀንቱ «የፕሮሰስ» ብሎ ከሚጠይቃችሁ ጋር አነጻጽሩት።

ለመንግሥት ሠራተኛ የኮሪያው ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ ኮይካ፣ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ አለ። ለዚህ ግለሰብ ብድግ ብሎ አያመለክትም፣ መሥሪያ ቤቱ ነው የሚያቀርበው። ደብዳቤው ለሚኒስቴሩ ይመጣል፣ ከዚያ ወደ ሰው ሀብት ይመራል። እዚያ መሳቢያ ውስጥ ቀኑ ካላለፈበት መቼም። ስለዚህ 65 ሺህ ብር ይዞ ኤጀንት ጋ ከመሄድ ወደ ሰው ሀብት ብቅ እያሉ «የኮይካ ደብዳቤ አልመጣም?» ማለት ይሻላል። ፉልብራይትም ሲከፈት የአሜሪካ ኤምባሲ ያስታውቃል፣ እሱም በነፃ ነው።

አንድ መፈተኛ ልስጣችሁ። ባነሩ ላይ «ኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ» የሚል ካለ ዞር ብላችሁ ውጡ። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ይህን የማያውቅ፣ ወይም እያወቀ የሚለጥፍ ሰው ለፖሊሲ ትምህርት ሊያማክራችሁ ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያናድደኝ ግን የሞቲቬሽን ሌተሩ፣ ማለትም ለምን መማር እንደምትፈልጉ የምትጽፉት ደብዳቤ፣ ነገር ነው። ልጅቷ «ናሙና» ብለው የሰጧትንም ይዛ ነበር። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለመልካም አስተዳደር ልዩ ፍቅር ነበረኝ» ብሎ ይጀምራል። እስቲ በሞቴ፣ በልጅነቱ ለመልካም አስተዳደር ፍቅር የነበረው ማን ነው? ከዚያ በፊት ሌላ ልጅ ያመጣልኝ ወረቀትም በዚሁ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚጀምረው። የእሱ ላይ እንዲያውም ሁለተኛው ገጽ መሃል «በአገሬ በናይጄሪያ» የሚል ሳይሰረዝ ቀርቷል። ይህን ነው በሺዎች የሚሸጡት።

አሁን ይህቺ ልጅ ወረዳ ላይ ሴፍቲኔት ስትሠራ ቆይታ ነው ወደ እኛ የተዛወረችው። ማን ይግባ ማን ይውጣ ሲባል ሕዝብ ፊት ስም ዝርዝር አንብባለች። ስሟ የቀረባት እናት ቢሮ ድረስ መጥታ ስታለቅስ፣ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ዘንድ ወስዳ አስመዝግባለች። ፕሮግራሙ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ የዓለም የፖሊሲ ሰዎችም በሰፊው የሚያወሩበት ነው። ድሀውን ከድሀ እንዴት ትለያለህ የሚለው ጥያቄ ደግሞ በፖሊሲ ክፍል ውስጥ ሴሚስተር ሙሉ ያከራክራል። እሷ መልሱን ባታውቅም ጥያቄውን በእጇ ነክታዋለች። ተማሪ የሚመርጠው ኮሚቴ ይህን ቢያነብ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ናሙናው ውስጥ ግን ከዚህ ሁሉ አንድም መስመር የለም። ወረዳ የሚል ቃል እንኳ የለም።

ለምታመለክቱ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። እንግሊዝኛችሁ ትንሽ ቢንገዳገድም የራሳችሁን ጻፉ። አንድ የሠራችሁትን ጉዳይ ያዙ፤ የመሬት ካርታ ይሁን፣ የግብር ትመና ይሁን፣ የጤና መድን ምዝገባ ይሁን። ምን እንደተበላሸ፣ ለምን እንደተበላሸ፣ ምን ለማወቅ እንደምትፈልጉ ጻፉ። ቺቭኒንግ የተቀዳ ጽሁፍ ይፈትሻል፣ ካገኘ ይጥላል። ስለዚህ የተገዛ ደብዳቤ ገንዘቡም ዕድሉም ነው የሚሄደው።

ሪኮመንዴሽኑ ደግሞ ይባስ። አንዳንድ ኤጀንት በኃላፊያችሁ ወይም በመምህራችሁ ስም ጂሜይል ከፍቶ ራሱ ይጽፋል። «አትጨነቁ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ይላል። ይህ ፎርጅድ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የእንግሊዝ ቪዛ ላይ በማታለል የተያዘ ሰው እስከ 10 ዓመት ሊታገድ ይችላል። አሜሪካ ደግሞ በሐሰት ማስረጃ ለቪዛ ያመለከተን ሰው ለዘለቄታው እንዳይገባ የሚያደርግ ሕግ አላት። የሚታገደው ደላላው አይደለም። ፓስፖርቱ የእናንተ ነው።

ስለ ትራንስክሪፕትም ላንሳ፣ ብዙ ሰው የሚጠመደው በዚህ ነው። ኮስት ሼሪንግ ሳትከፍሉ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንደማይላክላችሁ ታውቃላችሁ። ኤጀንቱ «እኛ በሰው እናስወጣለን» ይላችኋል። አያስፈልግም! አብዛኛው የውጭ ዩኒቨርሲቲ ለማመልከቻ የሚጠይቀው ስካን የተደረገ ስቱደንት ኮፒ ነው። ኦፊሻሉን የሚፈልገው ከተቀበላችሁ በኋላ ነው። የየፕሮግራሙን ገጽ አንብቡ፣ ካልገባችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ ይመልሳሉ። የማመልከቻ ክፍያ ያለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከሆነም፣ ዶላር ካርድ የለኝም ብላችሁ ኤጀንት ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ክፍያው እንዲነሳላችሁ ለአድሚሽን ቢሮው ጻፉ። ብዙዎቹ ለዚህ የሚሞላ ፎርም አላቸው። ፕሪንስተን ደግሞ የፐብሊክ አፌርስ ማስተርስ ተማሪዎቹን በሙሉ የትምህርት ክፍያ ይሸፍንላቸዋል። መግባቱ ነው ፈተናው።

የፕሮግራም ዓይነት ሳያዩ መላክም አለ። ኤጀንቱ ለልጅቷ ከመረጠላት ፕሮግራሞች አንዱ የሃርቫርድ ኬኔዲ ስኩል የሚድ-ካሪር ኤምፒኤ፣ ማለትም ሥራ ላይ ለቆዩ ሰዎች የሆነ የፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ማስተርስ፣ ነበር። እሱ ቢያንስ ሰባት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። እሷ አራት ዓመቷ ነው። ገና ሳይነበብ የሚወድቅ ማመልከቻ ነው። ኤጀንቱ ግን «ሃርቫርድ እናመለክትልሻለን» ብሎ ያስከፍልበታል።

አገር ውስጥም ያው ነው። «ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ኤምፒኤ በአንድ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ መጀመሪያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጠይቁ። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም፣ ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ በአካውንቲንግ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ ሌላ ከተማ በኤምፒኤ ላይኖረው ይችላል። የውጭ ዲግሪም ሲሆን የአቻ ግምት የሚሰጠው ይኸው ባለሥልጣን ነው። ያ ወረቀት ከሌለ ዲግሪው ለደረጃ ዕድገት አያገለግልም። መሥሪያ ቤታችሁ ያለው የሰው ሀብት ይህን ከእኔ በላይ ያስረዳችኋል።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁም ትኖራላችሁ። መጀመሪያ ኢሜይላችሁን አድኑ። ብዙዎቹ ቢሮዎች በስማችሁ አዲስ ኢሜይል ከፍተው ፓስወርዱን ራሳቸው ይይዙታል። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣው መልስ ሁሉ እነሱ ጋ ይቀራል፣ ቀሪውን ካልከፈላችሁ አያሳዩአችሁም። ኢሜይሉን ካልሰጧችሁ ለአድሚሽን ቢሮው በራሳችሁ አድራሻ፣ ፓስፖርታችሁን አያይዛችሁ፣ አድራሻዬን ቀይሩልኝ ብላችሁ ጻፉ። ኦሪጅናል ዲግሪና ቴምፖ ከወሰዱባችሁ ዛሬውኑ ተቀበሉ። ለማመልከት ኦሪጅናል የሚወስድ አማካሪ አያስፈልግም። በስማችሁ የገባውን ማመልከቻ አስከፍታችሁ አንብቡት፤ ያልሠራችሁት የሥራ ልምድ ወይም የማታውቁት ሪኮመንዴሽን ካለ ማመልከቻው ይሰረዝልኝ በሉ።

ከዚያ ብሩ። የከፈላችሁት በቴሌብር ወይም በባንክ ከሆነ ደረሰኙን አትሙት፣ የቴሌግራም ንግግሩን ስክሪንሾት አድርጉ፣ ባነሩንም ፎቶ አንሱ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ባነሩ «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ካለ ውሉ ላይ አለመኖሩ እነሱን አያድናቸውም፣ እንዲያውም ማስረጃችሁ እሱ ነው። አቤቱታችሁን ወደ ንግድ ቢሮ ውሰዱ። ልጅቷ አልፈረመችም። ወንድሟ ግን ለዚያው ቢሮ የመጀመሪያውን ግማሽ ከፍሎ ኖሯል፣ አሁን አቤቱታውን አብረን እየጻፍን ነው። እዚያው ቢሮ የከፈላችሁና ደረሰኝ ያላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አንድ ላይ ብናስገባው ይሻላል።