ፓራግላይዲንግ መማር ለምትፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ዛሬ ፓራግላይዲንግ (በገመድ በተንጠለጠሉበት የጨርቅ ክንፍ ከተራራ ተነስቶ መብረር) ያስተማረኝን አሰልጣኝ ላመስግን። የደሴ ልጅ ነው፣ ሙያውን የተማረው ግን ውጭ አገር ነው። ስሜን እንዳትጽፍ ስላለኝ አልጽፈውም።

በጣም የወደድኩለት አደጋን የሚያስተምርበት መንገድ ነው። ልምምድ ከመውጣታችን በፊት ቁጭ አድርጎ የሆነ ቦታ የደረሰ አንድ አደጋ ያወራናል። ጥፋተኛ አይፈልግም። "ከዚያ በፊት ምን ነበር? ከዚያስ በፊት?" እያለ ወደ ኋላ ይወስደናል። የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ስለ ፍሬን ሲጨዋወቱ የሰማ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

አንዱ ታሪክ ከጭንቅላቴ አይወጣም። በፈረንጆቹ 2007 ኤቫ ቪሽኒየርስካ የምትባል የጀርመን ቡድን አብራሪ አውስትራሊያ ውስጥ ለዓለም ሻምፒዮና ስትለማመድ ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ስቦ ወደ 10,000 ሜትር አወጣት። ራሷን ስታ፣ በረዶ ለብሳ፣ በሕይወት ወረደች። በዚያው ቀን ደመናው የወሰደው ቻይናዊ አብራሪ ግን አልተረፈም። እኛ "ደመናው ሲስባት ምን ማድረግ ነበረባት?" ብለን ጠየቅን። "እዚያ ከደረሱ በኋላ ብዙ ምርጫ የለም" አለን። "የሚመረጠው መሬት ላይ ነው፣ ደመናው ገና ትንሽ እያለ።" የደሴ ሰማይ ክረምት ላይ ጠዋት ጠርቶ ከሰዓት እንዴት እንደሚጠቁር ለእናንተ አይነገርም። እሱ ክረምት ጭራሽ አያበርም።

የእግር ማሰሪያው ደግሞ አለ፤ ከክንፉ ጋር የሚያያይዘን ትጥቅ ጭን ላይ የሚቆለፈው ማለቴ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ሳይቆልፉት ተነስተው ሞተዋል። ብዙ ጊዜ እየታጠቁ ሳለ ሰው ያናግራቸዋል፣ ሲመለሱ የጨረሱ ይመስላቸዋል። እኛ አገር ደግሞ ሰላምታ ቀልድ አይደለም! ስትታጠቅ አንድ አባት በትራቸውን ይዘው ብቅ ብለው "እንደምን ዋላችሁ" ሲሉ ዝም ማለት ነውር ነው። አሰልጣኛችን መላ ዘየደ። የተቆለፈው ሁሉ ይፈታል፣ ሰላምታው በወጉ ይሰጣል፣ ልጆቹም ከብቱም ይጠየቃሉ፣ ከዚያ ከእግር ማሰሪያው እንደ አዲስ ይጀመራል። በመጨረሻ እሱ ራሱ መጥቶ ሁለት ጣቱን ማሰሪያው ስር አስገብቶ ይጎትታል። ሳይጎትት የተነሳ ሰው አላየሁም።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል። ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ክንፍ እዚህ 42 ገደማ ይሄዳል። መነሻው ሩጫም ማረፊያውም ይፈጥናል፤ ብዙው አደጋ የሚደርሰውም ሲነሱና ሲያርፉ ነው። ነፋሱ ጦሳን ተሻግሮ ከጀርባ ከመጣ ደግሞ አየሩ ከተራራው ወዲህ ይገለባበጥና ክንፍ ያጥፋል። ያን ቀን ዕቃው ከመኪና አይወርድም።

አንድ ደብተርም አለው። ለጥቂት የተረፍንበትን ነገር ስማችንን ሳንጠቅስ እንጽፍበታለን። አንዱ "ክንፉን ሳነሳ ሕፃናት ገመዱ ላይ ቆመው ነበር" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ከገመዱ የሚያርቅ ሰው ሁልጊዜ ይመደባል። ማን እንደጻፈው እስካሁን የጠየቀ የለም።

ነቀፌታም አለኝ። ቀጠሮ በጣም ይሰርዛል። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ደሴ ድረስ ወጥታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ብቻ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ላልበረራችሁበት ቀን ግን አያስከፍልም። "አብሽር፣ ምንም አትሆንም" ብሎ የሚገፋ አሰልጣኝ የምትፈልጉ ከሆነ እሱ አይሆናችሁም።

የምትፈልጉት ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ ኪሏችሁን በትክክል ንገሩት፣ ክንፉን የሚመርጠው በክብደት ነው። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማም አዘጋጁ፤ በሸራ ጫማ የመጣ ሰው ተመልካች ሆኖ ነው የሚውለው።