የቅዳሜው ጋሼ
የእህቴን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ። ቤታችን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ልጁ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ለወራት ቃል አልወጣውም።

በቀጣዩ ዓመት አንድ ድርጅት መካሪ መደበለት። እውነቱን ልናገር፣ አላመንኳቸውም ነበር። ፎቶ አንስተው፣ ደብተር ሰጥተው የሚጠፉ ብዙ አይቻለሁ። ይሄ ሰው ግን ደመወዝተኛ ነው፤ ሥራው ልጆቹ ብቻ ናቸው። እኛ ሳንቲም አንከፍልም። እንዳጫወተኝ፣ እንዲህ ያለው አሠራር አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀምሯል። እዚያ ልጁን ከአምስት ዓመቱ ገደማ ይይዙና ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ አይለቁትም።

ልጁ «ጋሼ» ይለዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ምንም አላስተማረውም። ቡና ሳፈላ አብረው ከሰል ያራግባሉ፣ ከዚያ ኳስ ይዘው ይወጣሉ። «መቼ ነው የሚያነበው?» ብዬ ተቆጣሁ። «አብሽሪ እትዬ፣ ይደርሳል» አለኝ። በስምንተኛው ወር ልጁ የባጃጅ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «ቀስ በል፣ ይደረሳል» ይላል! ሳቄንም እንባዬንም አልቻልኩም።

ቅሬታም አለኝ። ዓምና መካሪው ለሥልጠና ሲሄድ ቢሮው አልነገረንም። ልጁ ሦስት ቅዳሜ በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ሰው ወጥቶ ሲቀር ላየ ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሄጄ ጮህኩባቸው። አሁን ቀድመው ይደውላሉ፤ እኔ ስደውል ግን ስልክ አያነሱም።

ለድርጅቱ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። ልጁ «ስድስት ስጫቸው» ብሎኛል።