የቴሌግራም ፖል ወይስ የዋትሳፕ?

ግሩፕ ላይ «መቼ እንገናኝ?» ብሎ የጻፈ ሰው ራሱን ለጣጣ ያዘጋጅ። አንዱ «ለእኔ ሁሉም ይመቸኛል» ይላል፣ ሌላው ስቲከር ይልካል፣ ሌላው ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ብቅ ብሎ «እና ምን ተወሰነ?» ይላል። ስለዚህ ፖል የሚባለውን፣ አማራጭ ዘርዝሮ ግሩፑን ድምጽ የሚያሰጠውን ነገር ያመጣ ይባረክ። ቴሌግራም ላይ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ አለ፣ ዋትሳፕ ላይ የመጣው በ2022 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ ናቸው)። ሁለቱንም ስለምጠቀም ትንሽ ልበል።

ትልቁ ልዩነት ማን ምን እንደመረጠ መታየቱ ላይ ነው። ዋትሳፕ ላይ በተለምዶ ስም ይታያል። ቴሌግራም ላይ ግን ፖሉን ስትከፍቱ ካልቀየራችሁት በቀር ድምጹ ስውር ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። እስቲ አለቃ ባለበት ግሩፕ «የሰኞው ስብሰባ ይቅር?» ብላችሁ ዋትሳፕ ላይ ጠይቁ። አለቅየው ቀድሞ «አይቅር» የሚለውን ከነካ ማን ደፍሮ «ይቅር» ይላል? በዚያ ላይ ዋትሳፕ ገና ሳትመርጡ ውጤቱን ያሳያችኋል፣ ቴሌግራም ግን መጀመሪያ ምረጡ ነው የሚለው። ሰው ደግሞ ወደ በዛው ማዘንበሉ አይቀርም። እዚህ ላይ ቴሌግራም ይበልጣል፣ ክርክር የለውም። ዋትሳፕ የሚሻለው ስም ሲያስፈልግ ነው፤ ማን ይመጣል፣ ማን ይቀራል ለሚለው ዓይነት። በስውር ፖል «እመጣለሁ» ብሎ የቀረውን ሰውዬ ማን ብላችሁ ትፈልጉታላችሁ?

ጉዱ ያለው ግን አፑ ላይ ሳይሆን አጠያየቃችን ላይ ነው። ዘጠኝ ሰው ያለበት ግሩፕ አስቡ። አማራጮቹ ቅዳሜ፣ እሁድ ጠዋትና እሁድ ከሰዓት ናቸው። ቅዳሜ 4፣ እሁድ ጠዋት 3፣ እሁድ ከሰዓት 2 ድምጽ አገኙ። ቅዳሜ አሸነፈ ተባለ። እንዴ! አምስቱ እኮ እሁድ ነው ያሉት። እሁድን ለሁለት የከፈለው ፖሉን የከፈተው ሰው ነው፣ ሳያስበው ይሁን አስቦበት እሱ ያውቃል። መፍትሔው ከአንድ በላይ መምረጥ የሚፈቅደውን ሴቲንግ ማብራት ነው። ያኔ ሁሉም የሚመቸውን ሁሉ ይነካል፣ ብዙ ሰው የተስማማበትም ቀን ይለያል። ዋትሳፕ ላይ ይሄ ከመጀመሪያው በርቶ ነው የሚመጣው፤ ተመስገን።

ነገሩ ጠንከር ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ የማኅበር ሊቀመንበር መምረጥ ቢሆን፣ ተራ ፖል አይበቃም። ሲአይቪኤስ የሚባል ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነጻ ዌብሳይት አለ፣ አማራጮቹን በቅደም ተከተል ያስደረድራችኋል። መልኩ አያምርም፣ ያረጀ ነው፣ ሥራውን ግን ይሠራል። የሚገርመው ቅደም ተከተልም የራሱ እንቆቅልሽ አለው። ሦስት ሰዎች ሀ-ለ-ሐ፣ ለ-ሐ-ሀ፣ ሐ-ሀ-ለ ብለው ቢደረድሩና ሁለት ሁለቱን ብታወዳድሩ፣ በሁለት ድምጽ ለአንድ ሀ ለን ያሸንፋል፣ ለ ሐን ያሸንፋል፣ ሐ ደግሞ ተመልሶ ሀን! በወረቀት ሞክሩት። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ ይሄን በ1785 ነው የጻፈው፣ እስካሁንም የተሻለ አፕ ስለመጣ የሚጠፋ ችግር አይደለም።

እኩል ለእኩል ሲወጣስ? እኔ ራንደም ዶት ኦርግን እወደዋለሁ። ከ1998 ጀምሮ ያለ፣ እንደ ዕጣ ቁጥር የሚያወጣ ዌብሳይት ነው፤ ቁጥሩን የሚያወጣው በኮምፒውተር ቀመር ሳይሆን ከከባቢ አየር በሬዲዮ ከሚያዝ ጫጫታ ነው። ሳንቲም ከመወርወር በምን ይሻላል ብትሉኝ፣ ሁላችሁም በተለያየ ቦታ ስትሆኑ ሳንቲሙን የያዘውን ሰው ማመን ስለማይኖርባችሁ እላለሁ። ብቻ ስክሪንሾት አትላኩ፣ «ስንቴ ሞክረህ ነው ይሄ የወጣልህ?» የሚል ተጠራጣሪ አይጠፋም። ቪዲዮ ኮል ላይ ስክሪን ሼር አድርጋችሁ ሁሉም እያየ ተጫኑት።