ቅሬ ወይስ የተመዘገበ ድርጅት?

ደሴ ውስጥ የሰፈሩን ችግረኛ ለመርዳት የተነሳ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ በነባሩ ቅሬ (ወሎ እድርን የሚጠራበት ስም ነው) ሥር መሥራት ወይም በጎ አድራጎት ድርጅት ማስመዝገብ።

የቅሬው ገንዘብ የአባላት መዋጮ ነው። ዳኛውንና ገንዘብ ያዡን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ሒሳብ ጎደለ ከተባለ ጥያቄው ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ይመጣል። በብዙ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ያዋጣል፤ ወሎ አይደል! ግን ጎረቤትን «ደረሰኝ አሳየኝ» ማለት ይከብዳል፤ ይሉኝታው ብርቱ ነው።

ድርጅቱ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው (እድርን አዋጁ አይመለከተውም)። የአስተዳደር ወጪው ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በየዓመቱም ሪፖርት ያቀርባል። ከለጋሽ ብር ለመቀበል ይሄኛው ይሻላል። ለቀብርና ለድንገተኛ ችግር ግን ቅሬውን እመርጣለሁ፤ ሁለት ፈራሚ ያለው የባንክ ሒሳብ ከከፈተ።