ባለ ሦስት መቀርቀሪያ የበር ቁልፍ፣ ከ14 ወር በኋላ

ይህን ቁልፍ ካስገጠምኩ 14 ወር ሆነኝ። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አሁን ስለ እሱ በልበ ሙሉነት መናገር የምችል ይመስለኛል።

በሩ አሉሚኒየም ነው። ቁልፉ ደግሞ በመዝጊያው ጠርዝ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ ረጅም ብረት ነው። መሃል ላይ ዋናው መቀርቀሪያ አለ፤ ከላይና ከታች አንዳንድ ቆልማማ ጥርስ። እጀታውን ወደ ላይ ስታነሱት ጥርሶቹ ወጥተው መቃኑ ላይ ያለውን ማቀፊያ ይይዛሉ። ቁልፉን ስታዞሩ ደግሞ ሁሉም ባለበት ይታሰራል። እጀታ ማንሳት ብቻውን መቆለፍ አይደለም። አንድ ሰው ከውጭ እጀታውን ተጭኖ ይከፍተዋል። እኛ ቤት ይህ እስኪለመድ አንድ ወር ፈጅቷል።

የድሮው ቁልፍ በሩን የሚይዘው መሃል ላይ ብቻ ነበር። የላይኛውን ጥግ በትከሻ ገፋ ስታደርጉት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠር ነበር። አሁን መዝጊያው በሦስት ቦታ ጎማው ላይ ተጠግቶ ይቀመጣል። ንፋሱ ቆሟል፣ አቧራውም ቀንሷል። እስከ አምስተኛው ወር ድረስ አንድም የማማርርበት ነገር አልነበረኝም።

በአምስተኛው ወር እናቴ «ይሄ ቁልፍ እጄን ጨረሰው» አሉኝ። ሞከርኩት፤ እውነታቸውን ነው። ጠዋት በቀላሉ ይዞራል፤ ከሰዓት በኋላ ግን እጀታው አልነሳም ይላል። ቁልፉ ደረቀ ብዬ ቀዳዳው ውስጥ የማሽን ዘይት ጨመርኩ። ሁለት ሳምንት ደህና ሆነ። ከዚያ ጭራሽ ባሰበት፤ ቁልፉን ማስገባት ራሱ ትግል ሆነ።

ምክንያቱን ያወቅኩት ሲሊንደሩን፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትን ክፍል፣ አስፈትቼ ሳየው ነው። ውስጡ ትንንሽ የናስ ዘንጎች በሞላ ተገፍተው ተደርድረዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ እያንዳንዱን ዘንግ ልክ በሚፈለገው ከፍታ ያነሳዋል። ያኔ ውስጠኛው በርሜል ይለቀቅና ይዞራል። አባቱ የጀመረውን ይህን አሠራር ቁልፍ ሠሪው ሊነስ ዬል (ልጅየው) እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዛሬ በምናውቀው ትንሽ ጠፍጣፋ ቁልፍ አሟላው፤ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። እዚያ ውስጥ የሚገባ ዘይት አቧራ ይይዛል። ዘይትና አቧራ ተዋህደው ጭቃ ይሆናሉ፤ ሞላው ዘንጎቹን መግፋት ያቅተዋል። ለሲሊንደር የሚሆነው የግራፋይት ዱቄት ወይም ደረቅ ማለስለሻ ነው። ቅባት የሚወዱት ጥርሶቹና መቀርቀሪያው ናቸው።

ሲሊንደሩ ተጸድቶ ተመለሰ። የከሰዓቱ ችግር ግን እንዳለ ነው። መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብኝን ሙከራ ያደረግኩት ያኔ ነው፤ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ አየር ላይ እንዳለ እጀታውን አነሳሁና ቆለፍኩ። ያለ ምንም ትግል ዞረ። ስለዚህ ቁልፉ ጤነኛ ነው። የማይገናኙት መዝጊያውና መቃኑ ናቸው። ቁልፍ የከበደው ሰው ሁሉ አዲስ ከመግዛቱ በፊት ይህን እንዲሞክር እለምናለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የት እንደሚነካ ለማወቅ ጥርሶቹን ጠመኔ ቀባኋቸውና ፀሐይ በሩን ስትመታው ቆለፍኩ። የላይኛው ማቀፊያ ጫፍ ላይ ነጭ ምልክት ቀረ። አሉሚኒየም በሙቀት ይረዝማል። ሁለት ሜትር የሚሆን መዝጊያ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ትንሽ ይመስላል፤ ጥርሱ ማቀፊያው ውስጥ ያለው ነፃ ቦታ ግን ከዚያ አይበልጥም። የማቀፊያውን ሁለት ብሎን በካቻቪቴ አላልቼ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ገፋሁት፤ መልሼ አጠበቅኩት። አለቀ። እጀታው እየከበደ በጉልበት ማንሳት ብንቀጥል ኖሮ ውስጥ ያለው ማርሽ ይበላ ነበር። ያ ከተሰበረ ረጅሙ ብረት በሙሉ ይቀየራል።

ሌላው ያናደደኝ የገጠመው ባለሙያ የተወው ሲሊንደር ነው። ከእጀታው ሰሌዳ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። ይህ የመልክ ጉዳይ አይደለም። የሲሊንደሩ ደካማ ቦታ መሃሉ ነው፤ የማሰሪያው ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ ብረቱን ያሳሳዋል። ሌባ የወጣውን ጫፍ ቆንጥጦ ከያዘ እዚያ ጋ ይሰብረዋል። ከሰሌዳው ቢበዛ 3 ሚሊ ሜትር ነው መውጣት ያለበት። ልኩ የሚወሰደው ከመሃሉ ብሎን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ለየብቻ ነው፤ የእኔ 35 በ45 ሚሊ ሜትር ሆነ። ስቀይረው ሲሰበር የፊቱ ጫፍ ብቻ የሚቀነጠስ፣ ዋናው ግን በሩ ውስጥ የሚቀር ዓይነት መረጥኩ።

ከውስጥ በኩል ደግሞ በቁልፍ ፋንታ በጣት የሚዞር አስደረግሁ። ሌሊት ጭስ ቢነሳ ማንም ቁልፍ ፍለጋ እንዲራወጥ አልፈልግም። በራችሁ ላይ ወይም አጠገቡ መስታወት ካለ ግን አስቡበት፤ መስታወቱን የሰበረ ሰው እጁን አስገብቶ ያዞረዋል።

ለአራት መስኮቶች የተገጠሙት ባለ ቁልፍ እጀታዎች ብዙ ወሬ የላቸውም። አንዱ ላልቶ ነበር፤ ሽፋኑን ዞር አድርጌ ከሥር ያለውን ብሎን አጠበቅኩት። ቁልፋቸውን ከመስኮቱ ራቅ ባለ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በሚያውቀው ቦታ ሰቅዬዋለሁ።

ከበሩ ጋር የመጡት ቁልፎች ሦስት ናቸው። አራተኛውን ያስቀረጽኩት ከቅጂ ላይ ስለነበር እያንገራገረ ነበር የሚከፍተው። ከዋናው ሳስቀርጽ ተስተካከለ። የእጀታው ቀለም አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ መላጥ ጀምሯል፤ በ14 ወር ይህ አይጠበቅም ነበር። እናቴ አሁን ከሰዓትም ማታም ራሳቸው ይቆልፋሉ።